ሰፊው ሕዝብ በግድግዳ ላይ

በመካነ ሰላም ያስተማርኩባቸውን ዓመታት ሳስብ ከሁሉ ቀድመው የሚመጡብኝ አንድ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው የቀበሌው አዳራሽ ዘበኛ ነበሩ። ሚስታቸው ደግሞ በዚያው አዳራሽ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ፊደል የማስቆጥራት ጎልማሳ ተማሪዬ ነበረች። እሳቸውን አንቱ እላለሁ፤ እሷን ግን አንቺ። መጀመሪያ ሰሞን እሷንም አንቱ ስላት፣ «እንዴ፣ ገና በመጣሽ አሮጊት አደረግሽኝ» ብላ ከለከለችኝ።

ከደሴ መምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው እዚያ የተመደብኩት። በጭነት መኪና ጋቢና ተጣብቄ፣ አቧራ ለብሼ ወረድኩ። ጠዋት ጠዋት ልጆች አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የመሠረተ ትምህርት ተራዬ ነው። አዳራሹ ገበያው መውጫ ላይ ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ሰፊ የጭቃ ቤት ነበር። በመንገዱ በኩል ረጅም ታዛ ስላለው ያኛው ግድግዳ ዝናብ አይነካውም። የገበያ ሰው ፀሐይ ሲበረታበት እዚያ ሥር አህያውን አቁሞ ያርፋል። ዘበኛው በሩ አጠገብ ካለች ድንጋይ ላይ፣ ተኩሶ የማያውቅ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። ግራ ዓይናቸውን በልጅነታቸው እሾህ ወግቶት ጠፍቷል። ሰው ሲያነጋግራቸው ጎንበስ ብለው፣ ጋቢያቸውን ወደዚያ ጎን ሳብ አድርገው ነው የሚመልሱት።

ሚስታቸው ጌሾ ነጋዴ ነበረች። ክፍል ስትገባ የጌሾው ሽታ አብሯት ይገባል። ፊደሉ ቶሎ አይያዝላትም፤ ሲጠፋባት ግን አትናደድም፣ ትስቃለች። እሷ ስትስቅ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል፤ ከዚያ ሁላችንም ድካማችን ለቆን እንቀጥላለን።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ለመስከረሙ የአብዮት በዓል እያንዳንዱ ቀበሌ አዳራሹን በሥዕል እንዲያስጌጥ ትእዛዝ መጣ። ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ፤ ምክንያቱም የሰውን አንጀትና ሳንባ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳምሬ እንደምሥል ተወርቷል። ከአንድ መጽሔት ላይ ገበሬ አገኘሁ። ደረቱ ሰፊ፣ ክንዱ የተፈረጠመ፣ እግሩ ላይ ቦት ጫማ ያለው፣ ወደ ሩቅ የሚያይ። እሱን በከሰል ታዛው ሥር ካለው ግድግዳ ላይ መገልበጥ ጀመርኩ።

ተማሪዎቼ ወደ ክፍል ሲመጡ ቆመው አዩት። የዘበኛው ሚስት ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ገበሬ ነው አልኳት። የየት አገር ገበሬ አለችኝ። የእኛ አልኳት። እንደገና ቀርባ አየችው።

«የእኛ ቢሆን አውቀው ነበር» አለች።

ሁሉም ሳቁ። አንድ ሸማኔ በዚህ ጫማ በሬ መከተል እንደማይቻል አስረዱ። ሌላዋ ሴትዮ ሰውየው ምን ያህል ቢጠግብ ነው እንዲህ የሆነው አለች። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ግን ከሰሉን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ የዘበኛው ሚስት ነገሩን እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረገችው። ፊት ካስፈለገ የእኛ ፊት ምን አነሰው፣ እዚሁ አይደል ያለነው አለች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ዘንድ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከስብሰባ ሲመለሱ እንኳን የልብስ መስፊያ መኪናቸው ላይ ነው የሚገኙት። ሰላማዊ፣ ነገር የማይወዱ ሙስሊም ሰው ናቸው። ሐሳቡን ስነግራቸው እግራቸው ፔዳሉ ላይ ቆመ። ትንሽ አስበው መልሰው መርገጥ ጀመሩ።

«ትእዛዙ ሰፊው ሕዝብ ይሣል ነው የሚለው» አሉኝ። «ሰፊው እኔ ነኝ። ሕዝቡ እናንተ ናችሁ። ሌላ ከየት ይመጣል? አብሽሪ፣ ሥሩ።»

ድፍረት አልነበረም፤ ደፋር ሰው አልነበሩም። ነገሩ ትክክል መስሎ ስለታያቸው ብቻ ነው፤ በዚያ ዘመን ያ ራሱ ብዙ ነበር።

ግድግዳውን በነጭ አፈር ቀባነው። ከሰል ሰበሰብን፤ ቀይ አፈር ነፍተን በግራር ሙጫ በጠበጥን። መስታወት ከፀጉር አስተካካዩ ተዋስን፤ እሱም የእኔ ፊት ካልቀደመ አልሰጥም ስላለ የመጀመሪያው እሱ ሆነ። መስታወቱን ከታዛው ምሰሶ ላይ አንጠለጠልን። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ማንም የሌላውን ፊት አይሥልም፣ የራሱን ብቻ።

ብዙዎቹ ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ አይተው አያውቁም። ሸማኔው መስታወቱ ፊት ቆመው አገጫቸውን አገላብጠው ካዩ በኋላ ወንድማቸውን እንደማይመስሉ ነገሩኝ፤ ዕድሜ ልካቸውን መንትያ ነው የሚመስሉት ሲባሉ ኖረዋል። አንዷ ሴት ፊቷን ትታ መጀመሪያ ሻሿን ሣለች፤ ሻሹን አሳምራ ስትጨርስ ለፊቷ ቦታ አልቀረም፤ ትንሽ ክብ ውስጥ ሁለት ዓይንና አንድ አፍ አስገባችና በቃኝ አለች። አንድ ቁርአን የሚያስቀሩ አዛውንት ነፍስ ያለውን ነገር መሣል እንደማይወዱ በትሕትና ነገሩኝ። ግን መቅረትም አልፈለጉም። ጥምጣማቸውን፣ መቁጠሪያቸውንና የያዘችውን እጃቸውን ሣሉ፤ ፊቱን ባዶ ተዉት። ያየው ሁሉ እሳቸው እንደሆኑ ወዲያው ያውቃል። እኔንም አላለፉኝም፤ አስተማሪዋ ካልሣለች እኛን መሳቂያ ልታደርገን ነው ተባለና መስታወቱ ፊት ቆምኩ።

የዘበኛው ሚስት አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ነው መጀመሪያ የሣለችው፤ በጥንቃቄ፣ መስመር በመስመር። ከዚያ ፊቷን። ከሥሩ ስሟን ራሷ ጻፈች፤ አንዷን ፊደል ገልብጣ። ላርማት ስዘረጋ እጄን ገፋ አድርጋ መለሰችው። ከጎኗ አንድ ፊት የሚያክል ባዶ ቦታ በከሰል ከበበችና፣ «ይህችን ማንም እንዳይነካብኝ» አለች።

ለማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዘበኛውም ያውቃሉ፤ ድንጋያቸው ላይ ሆነው ወደ ገበያው ያያሉ።

ቀናት አለፉ። ግድግዳው ሞላ፤ ያቺ ቦታ ባዶ ቀረች። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥኩና አንቱስ አይሥሉም ወይ አልኳቸው። ጋቢያቸውን ወደ ግራ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። ቀጥሎ ስለ አደጉበት ደብር ነገሩኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ጻድቃኑ ሁሉ በሁለት ዓይን ነው የተሣሉት። በአንድ ዓይን የተሣሉት ጌታን የገረፉት፣ ይሁዳና ሰይጣኑ ናቸው። እሾሁ ከወጋቸው በኋላ የሰፈሩ ልጆች በስማቸው መጥራት ተዉ፤ በግድግዳው ላይ ባለው በአንዱ ገራፊ ስም ነበር የሚጠሯቸው። ለመቁረብ እንኳን ወደዚያ ግድግዳ አይጠጉም ነበር።

«ሲሰድቡኝ የኖሩትን በገዛ እጄ ልሣለው?» አሉኝ።

የሆነ ነገር ተናግሬ ተነሣሁ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ግን ነገሩ አላስተኛኝ ስላለ ቅዳሜ ለት የቆሎ ተማሪዎችን ወደሚያስተምሩት የኔታ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነገር እንደሚያውቁ ሰምቻለሁ። ጠየቅኋቸው። አልመለሱልኝም፤ በትራቸውን አነሡና ና ምራኝ አሉ ከተማሪዎቻቸው አንዱን። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። እስከ አዳራሹ አብረን ወረድን።

የኔታ ዘበኛውን ሰላም አሏቸውና ድንጋዩ ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ ተጨዋወቱ። ቆይተው ነው ወደ ነገሩ የገቡት።

«ልጄ፣ ሠዓሊው እነዚያን በአንድ ዓይን የሚሥላቸው ዓይን ጎድሏቸው አይደለም» አሉ። «ሁለተኛው ዓይናቸው በዚያ በኩል አለ። ፊታቸውን ስላዞሩ ነው የማይታየው። ከሰውም ከእግዜርም ፊቱን ያዞረ ነው በጎን የሚሣል። አንተ ፊትህን ካላዞርክ እነሱን አትመስልም።»

ከዚያ ተነሥተው፣ ቅዳሴ እንደደረሰበት ሰው ቸኩለው ሄዱ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እያስተማርኩ ሳለ በመስኮቱ ጠመንጃው ብቻውን ግድግዳው ላይ ተደግፎ አየሁት። ተማሪዎቹም አዩ፤ ማንም አልወጣም። ሚስታቸው ዓይኗን ከሰሌዳው ላይ ሳትነቅል፣ ማስተማሬን እንዳላቆም በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ስንጨርስ ወጣን። ክቡ ውስጥ ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ነበር። ጢሙ በብዙ ትናንሽ ጭረት ተሠርቷል። ቀኝ ዓይኑ ትልቅ ነው። ግራው አንዲት የተዘጋች መስመር ናት፤ እንደተኛ ሰው ዓይን። ጋቢው ወርዶ ትከሻው ላይ ነው።

ሚስትየዋ ወገቧን ይዛ አየችው።

«ከሠራህ አይቀር ትንሽ አሳምረኸዋል» አለቻቸው። እሳቸው ሳቁ። ጥርሳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በዓሉ በደህና አለፈ። ከአውራጃ የመጡት እንግዶች ግድግዳውን አይተው አንዱ ፈገግ አለ፣ ሌላው ራሱን ነቀነቀ፤ ነገር አልተነሣም። ከዚያ በኋላ የገበያ ሰው ታዛው ሥር ሲያርፍ የሚያውቀውን ፊት መፈለግ ልማድ ሆነ። ከወግዲ በኩል የመጣ ሁሉ ዘመዱን ያገኘ ይመስል በጣቱ እየጠቆመ ይከራከራል።

ቀጥሎ የረሃቡ ዓመት መጣ። ከየገጠሩ ሰው ወደ ከተማው ጎረፈ። ከከተማው ዳር ሜዳው ላይ መጠለያ ተሠራ። ጌሾ የሚገዛ ስለጠፋ የዘበኛው ሚስት ከሴቶቹ ጋር ለመጠለያው ውኃ ታመላልስ ጀመር። ትምህርቱም ተቋረጠ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቻት ራሷን እንድትጠብቅ ለመንኳት፤ ተስቦ ገብቷል ይባል ነበር። እሺ አለችኝ፤ እንስራዋን አስተካክላ ሄደች። በሳምንቱ ተኛች። ጤና ጣቢያው መድኃኒት አልነበረውም። ጠበል ወሰዷት። ከዚያ አልተነሣችም።

ከቀብሯ በኋላ ዘበኛው ሥራቸውን አላቋረጡም። ድንጋያቸውን ግን ከበሩ አጠገብ አነሡና ከታዛው ጫፍ አደረጓት፤ ጀርባቸውን ለገበያው ሰጥተው ግድግዳውን እያዩ ይቀመጣሉ። አላፊ አግዳሚው ዘበኛ የሚጠብቀው በር እንጂ ግድግዳ ነው ወይ አላለም። ገብቶታል።

እሳቸው ብቻ አልነበሩም። በየቤቱ ፎቶግራፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሣሉት መካከል አንዳንዱ ሞቷል፤ አንዳንዱ በሠፈራ ወደ ምዕራብ ተጭኖ ሄዷል፤ ወጣቶቹ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደዋል። አንዲት እናት ልጇ በሠፈራ ከሄደ በኋላ ገበያ በወጣች ቁጥር ትመጣለች። ቅርጫቷን ሳታወርድ ከሥዕሉ ፊት ትቆማለች፤ ደህና ዋልህ ወይ ትለዋለች፤ ትሄዳለች። ያን ሳይ ግድግዳው ከእጃችን ወጥቶ ሌላ ነገር እንደሆነ ተሰማኝ። እኛ ለበዓል ነበር የሠራነው።

ከዚያ አዲስ ካድሬ መጣ። ወጣት ነው፤ ክፉም አልነበረም፤ ሥራውን አሳምሮ ለመጀመር የፈለገ ሰው ነው። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ዞሮ አየው። አንገቱ ላይ መስቀል ያደረገ አለ፤ መቁጠሪያ የያዘ አለ፤ ወዛደር የለም፤ መፈክር የለም። ግድግዳው ነጭ ተቀብቶ በትልቁ መፈክር እንዲጻፍበት አዘዘ። ደረቱን ነፍቶ አይደለም የተናገረው፤ የተበላሸ ወንበር አስጠግኑ እንደሚል ሰው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ አያለሁ ብሎ ሄደ።

ሊቀ መንበሩ ዘበኛውን ጠርተው ነጭ አፈር እንዲያስመጡ ነገሯቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ መፈክሩን የምጽፈው እኔ ነኝና።

«አፈሩን አመጣለሁ» አሉ ዘበኛው። «በፊቷ ላይ ግን አልቀባም።»

ሊቀ መንበሩ መሬት መሬት አዩ። ያን ጊዜ ትእዛዝ አልፈጽምም ማለት ምን እንደሚያስከትል ሦስታችንም እናውቃለን። ዘበኛው አልጮኹም፣ አልለመኑም። ጠመንጃቸውን ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ላይ በቀስታ አስቀምጠው ወጡ።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍ ታዛው ሥር አገኘኋቸው። ካራ ይዘው በሚስታቸውና በራሳቸው ፊት ዙሪያ ምርጉን እየቆረጡ ነው። ምርጉ ጭድ የበዛበት፣ ወፍራም ነበር። ጠርዙን እያራሱ፣ ቀስ እያሉ ይከረክራሉ፤ ሁለቱ ፊቶች ጎን ለጎን ስለሆኑ አንድ ላይ ለማውጣት ነው። ግን ከማገሩ ሲላቀቅ እንደሚሰበር ያስታውቃል። ጠርዙ መፈርፈር ጀምሮ ነበር። ልረዳቸው ቀረብኩ፤ ምን እንደማደርግ ግን አላወቅሁም።

ሊቀ መንበሩ ከመንገዱ ማዶ ብቅ ሲሉ ዘበኛው ካራውን አላስቀመጡም። ሊቀ መንበሩ ቆመው አዩ። ዞረው ሄዱ። ፖሊስ ሊጠሩ ነው አልኩ። ሲመለሱ ግን ክንዳቸው ላይ የተጣጠፈ አቡጀዲ፣ በእጃቸው ሙቅ የሚመስል የዱቄት ማጣበቂያ ይዘው ነበር። ጨርቁን ማጣበቂያው ውስጥ ነክረው በሁለቱ ፊቶች ላይ ለጠፉት፤ ሸሚዝ እንደሚያለብሱት ሰው በመዳፋቸው አስተካከሉት። እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ ዘበኛው ከሥር በካራ፣ ሊቀ መንበሩ ጨርቁን ደግፈው፣ እኔና በመሃል የደረሰች አንዲት ጎረቤት ሰፌድ ዘርግተን ተቀበልነው። ወጣ። ከባድ ነበር። አንዱ ጥግ ጎደለ እንጂ ፊቶቹ አልተነኩም።

ወሬው በገበያው ሮጠ። ረፋዱ ላይ ሰው ሰፌድና ካራ እየያዘ መጣ። ሊቀ መንበሩ አቡጀዲ እየቀደዱ ይለጥፋሉ፤ የማንንም ስም፣ የጨርቁንም ዋጋ አይጠይቁም። በሠፈራ የሄደው ልጅ እናት የልጇን ወሰደች፤ ሰፌዱን በራሷ ላይ ሳታደርግ እንደ ጨቅላ በክንዷ ታቅፋው ሄደች። የፀጉር አስተካካዩ ፊት ሲላቀቅ ብትንትን አለ። እሱ ምንም አይደል፣ እኔ መስታወት አለኝ አለ። የእኔ ከአፍንጫው በታች ተሰበረ። ቁርአን የሚያስቀሩት አዛውንት የእሳቸው እንዳይነካ ከለከሉ፤ ፊት የሌለው ነገር ከነጩ ሥር ቢቀር ማንንም አይጎዳም፣ ወላሂ እዚያው ይረፍ አሉ። በዚያ ቀን ከአዳራሹ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት፣ ከዚያም እስከ መስጊዱ ሰፈር፣ ሰዎች የሰው ፊት በሰፌድ ላይ ተሸክመው ሲሄዱ ያየ መንገደኛ ምን ብሎ እንዳሰበ እንጃ።

ግድግዳው እንደ ወንፊት ሆነ። ጭቃ ረግጠን እንደገና መረግነው፤ ነጭ ቀባነው፤ መፈክሩን ጻፍኩ። ካድሬው ሲመጣ ምርጉ ገና እርጥብ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ሊቀ መንበሩ ግድግዳው አርጅቶ ነበር አሉት። እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ መዳፉ ላይ የቀረውን ጭቃ አየ፤ ወደ ዘበኛው ዞሮ እሳቸውንም አየ። የሰማው ነገር ያለ ይመስለኛል። መፈክሩ ቀጥ ብሎ ተጽፏል ብሎ አመሰገነኝና ወደ መኪናው ሄደ። ጠመንጃው ለዘበኛው ተመለሰ።

ወደ ደሴ በተዛወርኩበት ዓመት ልሰናበታቸው ቤታቸው ሄድኩ። ከመደቡ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ቦርቡረው ያን ቁራጭ ምርግ ከተውበት፣ ዙሪያውን በአዲስ ጭቃ አያይዘውታል። አቡጀዲው በውኃ ርሶ ሲነሣ የቀይ አፈሩን ከፊሉን ይዞ ሄዷል፤ ንቅሳቱ ግን በደንብ ይታያል። የምሳ ሰዓት ነበር። እንጀራና ሽሮ አቀረቡ።

«ከሞተች ወዲህ ብቻዬን መብላት አሳፍሮኝ ቆሜ ነበር የምበላው» አሉኝ። «አሁን ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ።»

ለእኔ ቦታ ለመልቀቅ ጠጋ አሉ። እጄን ታጥቤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ አብረን በላን።